ክብ የአበባ ማስቀመጫ በመዘውር፦ ሆዱ ሲነፋ ትከሻው ለምን ይወድቃል?

ጣና_ዳር

ሰላም ለቤቱ። በመዘውር ክብ የአበባ ማስቀመጫ ልሠራ ፈልጌ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ። ሆዱ 20 ሳ.ሜ. አካባቢ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ከእንስራ ቅርጽ ብዙም ያልራቀ ነው የምፈልገው። ቀጥ ያለው ሲሊንደር በደንብ ይወጣል። ከውስጥ ሆኜ ሆዱን መግፋት ስጀምር እስከ 16፣ 17 ሳ.ሜ. ደህና ይሄድና ከዚያ ትከሻው ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሆዱ አካባቢ ቁልቁል የሚወርዱ ትናንሽ ስንጥቆች ይወጣሉ።

ጭቃው 1.5 ኪሎ ነው። መዘውሩ በእግር የሚረገጥ። አፈሩ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የተቆፈረ ቀይ አፈር ከዋልካ ጋር ግማሽ በግማሽ። ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የአፈር?

ቅል_ስባሪ

መጀመሪያ የሚዛን ነው። ሂሳቡን እንየው። 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ዕቃ ግድግዳው 6 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ ግድግዳው ብቻውን 700 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ጭቃ ይበላል። እርጥብ ጭቃ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2 ግራም ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ 1.4 ኪሎ ገደማ ሆነ። ገና ቂጡን አልቆጠርንም፣ አንገቱን አልቆጠርንም፣ ከውኃው ጋር ታጥቦ ባልዲ ውስጥ የሚገባውንም አልቆጠርንም። 2 ኪሎ ያዝ። እጅህ ገና ካልፈጠነ 2.3።

ደግሞ ተደርቆና ተተኩሶ 20 እንዲሆን ከፈለግህ እርጥቡን ወደ 21.7 ማውጣት አለብህ፤ አፈሩ 8 ከመቶ የሚቀንስ ከሆነ ማለቴ ነው። እርጥቡ 20 ከሆነ ከእሳት የሚወጣው 18.4 ነው።

ሁለተኛው የሲሊንደሩ አነሳስ ነው። አብዛኛው ሰው ከታች እስከ ላይ እኩል ውፍረት አድርጎ ይስባል። ለብርጭቆ ልክ ነው፤ ለክብ ግን አይሆንም። 12 ሳ.ሜ. የነበረው ወገብ 20 ሲደርስ ዙሪያው ከ38 ወደ 63 ሳ.ሜ. ያድጋል። ጭቃ ከሰማይ አይጨመርለትም፤ የሚያድገው ከውፍረቱ እየተበደረ ነው። በ9 ሚ.ሜ. ከጀመርህ 5.4 ላይ ትደርሳለህ። በ6 ከጀመርህ 3.6 ይቀርሃል፤ በዚያ ውፍረት እርጥብ ጭቃ ትከሻ አይሸከምም። 16፣ 17 ላይ የሚወድቅብህም ለዚህ ይመስለኛል። በዚያች ሰዓት በሽቦ መሐል ለመሐል ሰንጥቀህ እየው፤ መልሱን ዓይንህ ይሰጥሃል።

አያ_ዋልካ

ስንጥቁ መቼ ነው የሚወጣው? ሲነፋ ነው ሲደርቅ? መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ጣና_ዳር

አያ ዋልካ፣ ሲነፋ ነው። ደርቀው የተሰነጠቁም አሉ፤ እነሱ ግን ስንጥቃቸው ከአንገቱ ይጀምራል።

አያ_ዋልካ

እንግዲያው ሁለት ጣጣ አለብህ ልጄ።

ሲነፋ ቁልቁል የሚሰነጠቀው ጭቃው ስላልተለጠጠ ነው። ቀይ አፈር ብቻውን ብዙ ጊዜ ቶሎ ይበጠሳል። መሞከሪያው፦ እርሳስ የሚያህል ጭቃ በመዳፍህ አሽከርክረህ ሌባ ጣትህ ላይ ጠምጥመው። ጀርባው ላይ ከተሰነጣጠቀ ገና አልደረሰም። መድኃኒቱ ክረማት ነው፤ ተለውሶ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ ወርና ከዚያ በላይ ይቀመጥ። የሚሸት ከሆነ ደስ ይበልህ፣ አትጣለው።

ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ደግሞ ከዋልካው ነው። ግማሽ በግማሽ እኮ ብዙ ነው! ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በበጋ ማሳ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፈተው በዚሁ ጠባዩ ነው። ከ10 ከመቶ አካባቢ አታሳልፈው። እሱም ቀዩ አፈር አልለጠጥ ካለህ ብቻ።

በግምት አትሂድ፣ ለካው። 14 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 4 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጥፍጥፍ ሥራና እርጥቡ ላይ በቢላ ልክ 10 ሳ.ሜ. መስመር ጫርበት። በጥላ አድርቀህ መስመሩን ለካ። 9.4 ከሆነ 6 ከመቶ ቀንሷል፣ ጥሩ አፈር ነው። 9 ከሆነ በጥንቃቄ ይሠራል። 8.8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ለጠባብ አንገት አትልፋበት፤ ገል ጨምርበት። ተኩሰህ እንደገና ለካና ሁለቱንም ቁጥር ባልዲው ላይ ጻፈው።

ገል ያልሁት የተሰበረ ምጣድ ወይም ጀበና ተወቅጦ ነው። ገሉ አንዴ እሳት ስላየ ከእንግዲህ አይሸበሸብም፤ እንፋሎትም መውጫ ያገኛል። ለመዘውር ከ1 ሚ.ሜ. የደቀቀ ይሁን፣ አለዚያ መዳፍ ይልጣል። እቶን ካለህ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ይበቃል፤ ሜዳ ላይ በኩበት የምትተኩስ ከሆነ ወደ 25 አድርሰው። ሲወቀጥ ውኃ ርጭት አድርግበት፣ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን። ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። አፈሩን ውኃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት በፀሐይ ክው አድርገህ አድርቀው። እርጥብ ጓል ባልዲ ውስጥ ቀን ከሌት ቢቀመጥ መሐሉ አይፈርስም፤ ክው ያለው ግን ወዲያው ይበተናል። ከዚያ አማስለህ በዱቄት ወንፊት አሳልፈው፣ ጠሎ ሲቀመጥ ከላይ ያለውን ውኃ ቅዳ፣ የቀረውን አቡጀዲ ላይ ወይም የጄሶ ሰሌዳ ላይ ዘርጋው።

የደጀን_ልጅ

ስለ ወንፊቱ አያ ዋልካ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ በእኛ በኩል ላላችሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መሬቱ የኖራ ድንጋይና የጄሶ ድንጋይ አገር ነው። ዋልካም ቢሆን በየቦታው ነጫጭ ጠጠር ይይዛል። የስንዴ ፍሬ የሚያህል የኖራ ጠጠር ግድግዳው ውስጥ ከቀረ ሲተኮስ ምንም አይልም፤ ዕቃው ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን የተቃጠለው ኖራ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከላዩ ያለውን ሸክላ ፈንቅሎ ይጥለዋል። የሳንቲም መጠን ያለው ቅርፊት ይወድቅና ከሥሩ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። ደንበኛ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው ጉዱ።

የደረቀ አፈር ላይ አቸቶ ጠብ አድርጉ። ቢፈላ፣ አረፋ ቢያወጣ ኖራ አለበት፤ ጆሮም አስጠግታችሁ አድምጡ፣ አንዳንዴ ከሚታየው በፊት ይሰማል። ሌላ አፈር ከሌለ ከ0.5 ሚ.ሜ. ባልበለጠ ወንፊት ማሳለፍ ነው። የደቀቀ ኖራ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚፈነቅለው ጠጠሩ ነው።

እትዬ_ገንቦ

እናንተ ሚሊ ሜትር ትቆጥራላችሁ፣ የጎጃም ሸክላ ሠሪ ይህን ቅርጽ ያለ መዘውር ከእናቷ ተምራ ታወጣዋለች። እንስራ ከዚህ የአበባ ማስቀመጫ ስንት እጥፍ ነው? ትከሻው ሲወድቅ አይታችኋል?

የማይወድቅበት ምክንያት ደግሞ ለመዘውርም ይሠራል፦ በአንድ ቁጭታ አይጨረስም። የታችኛው ግማሽ ጠንከር እስኪል ይቆያል፣ ከዚያ ነው ላዩ የሚቀጠለው። አንተ ግን ላዩንም ታቹንም እኩል እርጥብ አድርገህ፣ በዚያ ላይ ታሽከረክረዋለህ። ወገቡ ከወጣ በኋላ መዘውሩን አቁም። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን፣ ሆዱን ክፍት ተወው፣ በጥላ ይቆይ። በበጋ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ በክረምት ከሰዓትም ይበልጣል። ጣት ስትጫነው ቅርጹን ሳይለቅ ትንሽ የሚሰጥ ሲሆን ተመልሰህ ትከሻና አንገቱን አውጣ።

መግፊያውም የቅል ስባሪ ይሁን። ብረት ማንኪያ የሚጠቀሙ አያለሁ፤ ጠርዙ ይቆርጣል። ቅል ከተፈጥሮው የሆድ ቅርጽ አለው፣ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። የማስቀመጫህን ሆድ የሚመስል ጉብታ ያለውን ምረጥና ጠርዙን ድንጋይ ላይ ፈግፍገው።

ጣና_ዳር

እትዬ ገንቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማቆየቱን ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር።

ቅል ስባሪ፣ 2 ኪሎ ብይዝ ሲሊንደሩ በምን ልክ ይቁም? ፍጥነቱስ? አነፋፉን ከጅምሩ ብትጽፍልኝ።

ቅል_ስባሪ

እሺ። ማሸቱንና መሐል ማስያዙን ታውቀዋለህ ብዬ እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ መሐል ስታስይዝ ጭቃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አሹለህ መልሰህ ዝቅ አድርገው። ከታች ያለውና ከላይ ያለው እኩል ካልተዋሐደ ሆዱ ሲነፋ በአንድ ወገን ይቀድማል። እዚህ ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ይሁን።

መሐሉን ስትከፍት ቂጡን ከ9 እስከ 10 ሚ.ሜ. ተወው፣ በመርፌ ወግተህ አረጋግጥ። ወለሉን ወደ 10 ሳ.ሜ. አስፋና ከጠርዝ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በጣትህ ጫን ጫን እያልህ ሦስት ጊዜ አመላልስ። ይህን የዘለለ ሰው ሲደርቅ ወለሉ ላይ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ያገኛል። ግድግዳው ስትስበው ይጨመቃል፤ ወለሉን ግን አንተ ካልጨመቅኸው የሚጨምቀው የለም።

ስበቱ ሦስት ይበቃል። ፍጥነቱን ወደ 100 አውርድ። ሲሊንደሩ ሲያልቅ 23 ሳ.ሜ. ቁመት፣ ከታች 12 ሳ.ሜ. የውጭ ስፋት፣ ከላይ 10 ይሁን፤ ወደ ላይ ሲሄድ ጠበብ ማለቱ ግዴታ ነው፣ ሽክርክሪቱ ራሱ ያሰፋዋልና። ወገቡ ላይ 9 ሚ.ሜ.፣ ከወገብ በላይ ባለው ሲሶ 8፣ ከንፈሩ ላይ 10 ተው። በእያንዳንዱ ስበት መጨረሻ ከንፈሩን በእርጥብ ቆዳ ወይም ጨርቅ ጫን አድርገው። 23 ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። ከ8 ሳ.ሜ. ቂጥ እስከ 6 ሳ.ሜ. አንገት ያለው የክቡ ግድግዳ በጎኑ ቢለካ 24 ሳ.ሜ. ይደርሳል፤ ቁመቱ ግን 18.7 ብቻ ነው። ሲነፋ ቁመቱ በ4 ሳ.ሜ. ሲወርድ ደንግጠህ አትተወው ለማለት ነው።

አሁን ውስጡ ያለውን ውኃ በሙሉ በስፖንጅ አውጣ። ጠባብ ከሆነ ስፖንጁን እንጨት ጫፍ ላይ እሰረው። ከዚህ በኋላ ውኃ የለም፤ ማለስለሻህ ቀጭን ጭቃ ብቻ ነው፣ እሱም ከውስጥ በኩል።

ፍጥነት 60 አካባቢ። በእግር ስለሆነ እርገጥ፣ እግርህን አንሳ፣ መዘውሩ በራሱ ሲዞር ግፋ። እየረገጥህ ከገፋህ የጉልበትህ ንቅናቄ ጣትህ ላይ ይደርሳል። ግፊቱ ከቂጡ 2 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይጀምርና በአንድ ዝግ ያለ ጉዞ እስከ አንገቱ ሥር ይወጣል። በእያንዳንዱ ጉዞ ከ1 እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ብቻ ይስፋ። የውጭ እጅህ አይገፋም፤ ቅሉን ይዞ ይመልሳል፣ ያለሰልሳል። ቀጥሎ የምለው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች የታችኛውን ግማሽ ነው የሚያወጡት። ላዩን ቶሎ ካሰፋኸው ከሥሩ የሚሸከመው ነገር የለም።

ትከሻው መቼም ጠፍጣፋ አይሁን። አንገቱ ተጨርሶ እስኪዘጋ ከ45 ዲግሪ በላይ አታስተኛው። ክብ ሆኖ የሚቆመው እንደ ድልድይ ቅስት ስለሆነ ነው፤ ቅስት መሐሉ ከተጋደመ ይወድቃል። ከመዘውሩ ወርደህ ከጎን እየው፣ ከላይ ሆነህ የምታየው ያታልላል።

ቶርኖ_ቤት

ስለ መዘውሩ ማንም አልጠየቀም። ሳህኑ ይወዛወዛል? ምስማር ቋሚ ነገር ላይ አስረህ ጫፉን ወደ ሳህኑ ጠርዝ አስጠጋና በቀስታ አዙር። ክፍተቱ ከ1 ሚ.ሜ. በላይ የሚለዋወጥ ከሆነ ሲሊንደር ይሠራል፣ ክብ ግን ያስቸግራል፤ በሆዱ ላይ ልዩነቱ ይበዛል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁለቱ ኩሽኔታዎች በጣም ተቀራርበው መገጠማቸው ነው። ቢያንስ 40 ሳ.ሜ. ይራራቁ። ዘንጉ 30 ሚ.ሜ. ይሁን፣ የሳህኑ መቀመጫም በቶርኖ ይስተካከል፤ በዓይን ግምት የተበየደ ሳህን መቼም ቀጥ አይልም። ታች የሚረገጠው ድንጋይ ደግሞ ከባድ ካልሆነ ጭቃውን ስትጫን ይቆምብሃል። ፌሮ ገብቶበት በኮንክሪት የተሞላ፣ 70 ሳ.ሜ. ስፋት 7 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ወደ 65 ኪሎ ይመዝናል፣ ለዚህ ሥራ ልኩ ነው። የልብስ ስፌት ሞተር የሚገጥሙ አሉ፤ 2 ኪሎ ጭቃ ላይ አቅም ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ እግር ይሻላል።

ማር_ማርቆስ

ትከሻው ቆሞ አንገቱ ላይ ለምትበላሹ፦ አንገት ስታጠቡ ግድግዳው ወደ ጎን ይታጠፍና የተጠማዘዘ ሽብሽብ ይሠራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወይ ግድግዳው ከ4 ሚ.ሜ. በታች ሳስቷል፣ ወይ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠብቧል።

እዚህ ላይ እንደ ሆዱ በቀስታ አይዞርም። ፍጥነቱን ወደ 120፣ 150 አውጣው። የሁለቱን እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ዙሪያውን አድርገህ ስድስት ቦታ ትይዘዋለህ፤ በሁለት ቦታ ብቻ ከያዝኸው ሞላላ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ እየወጣህ በእያንዳንዱ ጊዜ ከግማሽ ሳ.ሜ. ያልበለጠ አጥብብ። ስታጠብ ይወፍራል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማጥበብ በኋላ አንድ ቀላል ስበት አድርግና የወፈረውን ወደ ቁመት ቀይረው። አጥብብ፣ ሳብ፣ አጥብብ፣ ሳብ። ሽብሽቡ ሲጀምር ከታየህ መጫንህን አቁምና ከውስጥ አንድ ጣት አስገብተህ ግድግዳውን በጣትህና በቅሉ መሐል አለስልሰው፤ ካለፈ ግን አይመለስም፣ ቆርጠህ ጣለው።

እጅህ የሚገባበት 7፣ 8 ሳ.ሜ. እያለ ሆዱን ጨርስ። ከዚያ በኋላ ውስጡን የምታስተካክለው ጫፉ የተድቦለቦለ እንጨት አስገብተህ ነው።

ጣና_ዳር

እናመሰግናለን። ከመዘውሩ ላይ ሳነሣውም ይጣመማል። በሽቦ ቆርጬ በሁለት እጅ ነው የማነሣው።

ማር_ማርቆስ

ክብ ዕቃ በእጅ አይነሣም። ከመጀመሪያው ሳህኑ ላይ ጭቃ አንጥፈህ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ ለጥፍበት፣ ዕቃውን እሱ ላይ ሥራ፣ ከነጣውላው አውርደው። ባሕር ዳር ስለሆንህ ለመቁረጫ ወፍራሙ የዓሣ ማጥመጃ ክር አለልህ፤ ከሽቦ ይሻላል፣ አይዝግም አይተጣጠፍም። ሲሠራ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር ሲል ሌላ ጊዜ አሳልፍበት።

እትዬ_ገንቦ

አደራ፣ ማድረቁ ላይ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰነጠቀው ይበልጣል። ከንፈሩ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፣ ቂጡ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከጣውላው ጋር ስለተጣበቀም ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው እምቢ ይላል። ስለዚህ አንገቱን ብቻ ፌስታል አልብሰው። ከንፈሩ ሲጠነክር ገልብጠህ ቂጡን ወደ ላይ አድርገህ አድርቀው፣ ግን አንገቱን በሁለት ቀጫጭን እንጨት ላይ አሳርፈው፤ አለዚያ ውስጡ ይታፈናል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ነፋስ ከክረምቱ ይብሳል፤ በር ላይ አታስቀምጠው፣ በአንድ ጎን ነፋስ የመታው ክብ ይጣመማል። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደረቀ ብለህ አትመን። ጉንጭህ ላይ አስጠጋው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ገና ውኃ አለው።

የሚፋቀው ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ፣ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ነው። ሸክላ ሠሪ ክብ ቂጡን ማቶት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በመዘውር ግን ማቶቱም መሐል መያዝ አለበት።

ቅል_ስባሪ

እውነት ነው። ማቶቱን ከጭቃ ሥራው፦ 12 ሳ.ሜ. የውስጥ ስፋት፣ 9 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ቀለበት፣ ግድግዳው 2 ሳ.ሜ.። ከማስቀመጫው ጋር እኩል ጠንክሮ ይቆይ፤ ሳህኑ ላይ በጭቃ አጣብቀው፣ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርግ፣ ዕቃውን ገልብጠህ በትከሻው አሳርፈው። አንገቱ ቀለበቱ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ምንም አይነካውም። ቂጡን ወደ 6፣ 7 ሚ.ሜ. አውርደው። ስትፍቅ በጣትህ አንኳኳ፤ ድምፁ ሲቀጥን አቁም። የሚወርደውን ፍቅፋቂ አትጣል፣ ባልዲው ውስጥ ይመለሳል።

መወልወል የምትፈልግ ከሆነም ጊዜው ይኸው ነው፤ ልስልስ የወንዝ ጠጠር፣ ቀጭን የቀይ አፈር ቅብ ከላይ። ከ950 ዲግሪ በላይ ከተኮስኸው ግን ያ ማብረቅረቅ ይደበዝዛል፤ ለተወለወለ ዕቃ 850፣ 900 ይበቃል።

አያ_ዋልካ

እሳት ላይ ደረስን። መጻሕፍቱ «100 ዲግሪ ሳይደርስ አቆዩት» ይላሉ፤ ያ ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውኃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች 92 አካባቢ ነው። እናንተ 95 ላይ ሆናችሁ ገና ነው ስትሉ ግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኗል፤ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። ከ80 እስከ 85 ላይ ብዙ ሰዓት አቆዩት። የእቶኑ ጭስ መውጫ ላይ ቀዝቃዛ መስታወት ያዙበት፤ ጉም ከያዘ ውኃው አላለቀም፣ አትጨምሩ።

ከዚያ በሰዓት 100 ዲግሪ እየጨመራችሁ እስከ 600። 573 ላይ በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል፤ ሲወጣም ሲወርድም በቀስታ እለፉት። ከ600 በላይ መፍጠን ይቻላል። 900 ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩና ዝጉት። ከ100 በታች ሳይወርድ አትክፈቱ።

ሜዳ ላይ በኩበት የምትተኩሱ፦ ሙቀቱ እስከ 800 እንኳ ሊደርስ ይችላል፣ ግን በፍጥነት ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው 25 ከመቶ ገል ያልሁት። መጀመሪያ ዕቃዎቹን በፍም ዙሪያ እያዞራችሁ አሙቁ፣ ለእጅ የሚያቃጥሉ ሲሆኑ ነው የሚደረደሩት። ዙሪያቸውን በትልልቅ ገል ሸፍኑ፤ ነበልባል በቀጥታ አይንካቸው። አንገቱ ወደ ጎን ይሁን። ነፋስ ባለበት ቀን ተውት።

ጣና_ዳር

የመጨረሻ ጥያቄ። ተተኩሶ ውኃ ቢደረግበት ያልበዋል። ጠረጴዛው ላይ ክብ ምልክት ይተዋል። ምን ይቀባል?

ማር_ማርቆስ

በ900 የተተኮሰ ሸክላ ሁሉ ያልባል። ለእንስራ ጥሩ ነው፣ ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ለሳሎን አይሆንም። ጎጃም ላይ ሆነን ሰም አይቸግረንም። ንጹሕ ሰም 62፣ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ድስት ውስጥ ውኃ አፍላና ሰሙን በሌላ ቆርቆሮ አድርገህ ውኃው ውስጥ አቅልጠው፤ እሳት ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው፣ ይቀጣጠላል። ማስቀመጫውን ምድጃ አጠገብ 80 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ላዩ ላይ ይረጋል እንጂ አይገባም። አንድ ስኒ ሰም አፍስስበት፣ አዟዙር፣ የቀረውን ገልብጥ። እንደገና አሙቀህ ድገመው። ከዚያ ውኃ ሞልተህ ጋዜጣ ላይ አሳድረው፤ ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ለጠረጴዛ ደርሷል።

የደጀን_ልጅ

ከውጭ ቢቀባስ? ያምራልም።

ማር_ማርቆስ

ከውጭ ብቻ አይሆንም። ውኃው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ውሎ ሲያድር በሰሙ ሥር ነጭ ጨው ያወጣና ያቆሽሸዋል። ከውስጥ ሁለቴ፣ ከውጭ ከፈለግህ በደረቅ ጨርቅ ለወዝ ያህል ብቻ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደግሞ አታስቀምጠው፤ ሰሙ ላብ ያወጣል።